እርማት፦ ዕጢውን የሚያሰራጨው ቢላዋ አይደለም

«የአንጎል ዕጢ ቢላዋ ከነካው ይሰራጫል፤ ጭንቅላቱ የተከፈተ ሰው አይድንም» ተብሏል። ስህተት ነው፤ ሰውንም ከሕክምና ያስቀራል። ውጤቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የዕጢው ዓይነት ነው። ከአንጎል ሽፋን የሚነሳው ሜኒንጂዮማ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ብዙዎች ይድናሉ። ግሊዮብላስቶማ የተባለው አደገኛ የአንጎል ካንሰር ግን ሐኪሙ የሚያየውን ሁሉ ቢያወጣም ይመለሳል፤ ሴሎቹ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድመው ጤናማ በሚመስለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ሰርገው ገብተዋልና። ሰው ታዲያ ቢላዋውን ይከሳል! እንዲያውም በዚህ ዕጢ ላይ በደህና ሊወጣ የሚችለውን ያህል ማውጣት ዕድሜን ያራዝማል። የታካሚው ዕድሜና ዕጢው ለንግግር ወይም ለእንቅስቃሴ ማዕከል ያለው ቅርበትም በውጤቱ ላይ ለውጥ ያመጣሉ። ታካሚው ለቀዶ ሕክምና ሲገባ የነበረው አቅም ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፦ እጁ መዛል ሲጀምር የመጣና ራሱን ስቶ በቃሬዛ የመጣ ሰው እኩል አያገግሙም።