«አልቋል እኮ፣ ትንሽ ብቻ አሳምሪው»

ዛሬም ከደንበኛ ያችው ቃል! «ዌብሳይቱን ትናንት ማታ በኤአይ ሠራሁት፤ አልቋል እኮ፣ ትንሽ ብቻ አሳምሪው።» እኛ ዲዛይነሮቹ ስንት ቀን አለን ስንል፣ «የምን ቀን? ሁለት ሰዓት ይበቃሻል!» ዋጋ ሲነገር ደግሞ፣ «እንዴ! ለማሳመር ይሄን ያህል?»

ኧረ ወገን፣ አላለቀም! እስቲ ሊንኩን በስልክ ክፈቱት። ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ፣ ኢንተር የሚባለው ነው፤ ኢንተር ደግሞ የግዕዝ ፊደል የለውም። ብራውዘሩ ስልኩ ላይ ያገኘውን ይለጥፍበታል፤ ቁጥሩ ከአንድ ቤት፣ ፊደሉ ከሌላ ቤት። የርዕሱ የመስመር ቁመት 1፣ ማለትም ከፊደሉ መጠን ጋር እኩል፣ ስለሆነ ርዕሱ ወደ ሁለተኛ መስመር ሲወርድ የላይኛው ፊደል እግር የታችኛውን ራስ ይረግጠዋል። የግዕዝ ፊደል ያለውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንት አስገብቶ የመስመር ቁመቱን ለርዕሱ 1.4፣ ለጽሑፉ 1.7 ማድረግ ነው። ያኔ ደግሞ ለእንግሊዝኛ ቃል ተለክቶ የተሠራው በተን ሁሉ ይጠባል፤ አንድ በአንድ መፍታት ነው።

ቀን መምረጫውማ! 12 ወር ብቻ። ጳጉሜ የለችም! ዓመቱን ያገኘው ከፈረንጁ ላይ 8 ቀንሶ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ነው እኮ! ኢንትል የሚባለው የጃቫስክሪፕት (የዌብ ፕሮግራም ቋንቋ) መሣሪያ የኛን ካላንደር ይዞ ብራውዘሩ ውስጥ ተቀምጦ እያለ፣ በእጅ የተቀነሰ ቀን ለሰው ቀጠሮ ይሰጣል።

አረንጓዴው ቀለም በሦስት ፋይል ሦስት ዓይነት ነው። ኤአዩ ቀይረው ሲባል አንዱን ቀይሮ ሁለቱን ይተዋል፣ ሜኑውንም አፍርሶ ይመጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ቀለሞቹን አንድ ቦታ በቫሪያብል (ስም በተሰጠው ዋጋ) ሰብስቦ፣ ለኤአዩ ከሚሰጥ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ (ፕሮምፕት) በፊት ጊት ላይ ኮሚት ማድረግ፣ ማለትም መመለስ እንዲቻል ኮዱን እንዳለ መመዝገብ፣ የግድ የሚሆነው። ይሄ ሁሉ «ማሳመር» ነው?

ኤአይን የጠላ የለም። ፊግማ በሚባለው የዲዛይን መሣሪያ ላይ ስሎ ኮድ ለሚጽፈው ዴቨሎፐር ይሰጥ የነበረ ዲዛይነር ዛሬ ከርሰር የተባለውን የኤአይ ኮድ መጻፊያ ከፍቶ ፓዲንጉን (የውስጥ ክፍተቱን) ራሱ ያስተካክላል፤ «8 ፒክስል ጨምርልኝ» ብሎ ሳምንት መለመን ቀረ። ተመስገን ነው። ግን ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ሄደ እንጂ አልጠፋም። ክፍያ መሀል ኔትወርክ ሲቋረጥ ስክሪኑ ምን ይላል? ብሩ ወጥቷል? አልወጣም? ሰውየው ድጋሚ ይጫን? ዴሞው ላይ ይሄ ስክሪን የለም፣ ምክንያቱም ማንም አልጠየቀውም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነው ዲዛይን፣ የሚከፈለውም ለእሱ ነው።

ሁለት ሰዓት ይላል! የ«አስገባ» በተኑን ብቻ ሲጫን፣ ሲጠብቅ፣ ሲከሽፍና ሲዘጋ ምን እንደሚመስል አውጥቶ በሦስት ስልክ መሞከር ሁለት ሰዓት ይፈጃል።