ቡናው እየሸተተ በር አትዝጉ

የወሎ ሰዎች፣ በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ የምንኖር፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው። ወቀሳው ከራሴ ይጀምራል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነበርኩ። ልብስ በሳፋ ተዘፍዝፏል። መሶቡ ባዶ ነው፤ እንጀራ ልጋግር ያሰብኩት ማታ ነበር። ስኳርም አልቋል። ለራሴ ብዬ ቡና እየቆላሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። «ቤቶች!» አለ የሴት ድምፅ። እመጣለሁ ብሎ የደወለልኝ ሰው የለም። ብረት ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አነሳሁት። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ልጆቹን ዝም አሰኘሁ። ትልቋ ልጄ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰችው። ሦስቴ ተንኳኳ። ከዚያ «በሉ ደህና ዋሉ» የሚል ቃል ሰማሁና እርምጃው ራቀ።

ማታ ሱቅ ስወርድ ባለሱቁ በአሮጌ ሻሽ የተቋጠረ የባቄላ እሸት ሰጠኝ። «አንዲት እናት ናቸው፣ ትተውልሽ የሄዱት» አለኝ። ሻሹን አወቅሁት። አክስቴ ናት። ከኩታበር ድረስ መጥታ፣ በሚያማት ጉልበቷ የእኛን ሰፈር ዳገት ወጥታ፣ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች።

በሳምንቱ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ተኝቼ ነበር ልላት መንገድ ላይ ሳሰላስል ነበር የደረስኩት። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ። «ቡናው ሲሸተኝ ጊዜ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው ብዬ ተመለስኩ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ቡና አፈላችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼን ጠይቄያለሁ። በር ሲንኳኳ ትንፋሹን የሚውጠው ሰው ብዛቱ! «ሳይደውል የሚመጣ ሰው ያናድደኛል» ትላላችሁ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። የምንሸሸው ጓዳችንን ነው። ዘይቱ ተወዷል፣ ቡናው ተወዷል፣ ጤፉን ተዉት። የሚቀርብ ነገር ከሌለ እንግዳው ባዶነታችንን አይቶ የሚሄድ ይመስለናል። እንግዳ መጣ ማለት ደግሞ የግድ ወጥ መሠራት፣ ለስላሳ መገዛት አለበት ብለን ራሳችንን አስረናል። ማን አዘዘን? እናቶቻችን ቆሎ በሰፌድ አቅርበው ሰው ሲያስተናግዱ ኖረዋል። ንፍሮ ነበር፣ ቂጣ ነበር። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚባለው በባዶ ሜዳ አይደለም። ሽሮማ ለወሎ ቤት የተፈጠረች ናት። ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ጾመኛው ይበላታል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ይቆርስላታል። ውሃና በርበሬ ካለ በሃያ ደቂቃ ትደርሳለች።

ደሴ ውስጥ አይጠየፍ የሚባል አዳራሽ አለ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው። ስሙን እዩት፣ አይጠየፍ! ሰው የማይጠየፍበት ቤት ማለት ነው። በዚህ ስም እየኮራን፣ ለቱሪስት እያስጎበኘን፣ የራሳችንን ደጅ በቁልፍ እንጠርቅማለን። «እሳቸው ንጉሥ ናቸው፣ ሰንጋ ነበራቸው» ትሉኝ ይሆናል። የመሸበት መንገደኛ ግን ሰንጋ ያለበትን ቤት መርጦ አልነበረም የሚያንኳኳው። ያገኘው ጎጆ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። እግሩ ይታጠባል፣ ከመደቡ ጥግ ይለቀቅለታል፣ ለቤተሰቡ ከተሠራው ይካፈላል። ለእሱ ተብሎ የተለየ ነገር አይሠራም።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2013 ክረምት ከራያ፣ ከቆቦ፣ ከወልድያ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደሴ ሲገቡ ማን ደውሎ መጣ? ያን ጊዜ ፍራሽ ያወጣችሁ እናንተ ናችሁ። በትልቅ ድስት ወጥ ሠርታችሁ ትምህርት ቤት ድረስ ተሸክማችሁ የወሰዳችሁ እናንተ ናችሁ። በጥቅምት 2014 ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። ልጅ አዝለን፣ የቻልነውን በፌስታል ይዘን ወጣን። ደብረ ብርሃን አንዲት የማላውቃት ሴት በሯን ከፍታልን አራት ሌሊት አደርን። መጥተናል ብለን አልደወልንላትም። ስልክ ቁጥሯንም ያገኘሁት ስንለያይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያየን ሰዎች ነን እንግዲህ፣ ዛሬ ለአክስታችን በር የምንዘጋው።

«ይደውሉ» ነው መልሳችን። ለእኩያ ልክ ሊሆን ይችላል። አክስቴ ግን ቁጥር አታነብም። ስልኳን የሚደውልላት የልጅ ልጇ ነው፣ እሱ ትምህርት ቤት ከሄደ አለቀ። ብዙ አባቶችና እናቶች እንዲሁ ናቸው። ደውለው ይምጡ ማለት ለእነሱ አትምጡ ማለት ነው። ገበያ ወጥተው፣ ሐኪም ቤት መጥተው፣ እግረ መንገዳቸውን ሊያዩን ነው ዳገቱን የሚወጡት።

ወንድሞቼ፣ ለእናንተ ለብቻ የምለው አለኝ። እንግዳ ተቀባይነታችንን አደባባይ ላይ የምታወሩት እናንተ ናችሁ። ከሰሉን የሚያያይዘው ግን ሌላ ሰው ነው። አምስት ጓደኛ ይዛችሁ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ትመጡና «እስቲ ቡና አፍሉልን» ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። እሷ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ውላለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪያልቅ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። ሚስቶቻችሁና እህቶቻችሁ የበር ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁረው በዚህ ነው። እንግዳ ያመጣ ሰው ተነስቶ ሲኒ ይጠብ። ውሃ ይቅዳ። ልጁን ይያዝ።

እንግዶችም ሰዓት እወቁ። የቤቱ ሰው ሲያዛጋ ተነሱ። ደመወዝ ስንት ነው፣ ለምን አልወለድሽም፣ ኪራዩን ማን ይከፍላል እያላችሁ ሰው አታስጨንቁ። ጓዳ ዘልቃችሁ ድስት አትክፈቱ።

በእውነት ያልተመቸው ሰውም ይኖራል። የታመመ አለ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የሚተኛ አለ። ሐዘን ላይ ያለ፣ ከትዳር አጋሩ ጋር ተጣልቶ ዓይኑ የቀላ አለ። እሱም ቢሆን ደጁ ላይ ወጥቶ ይናገር። «ዛሬ አልተመቸኝም፣ አይክፋዎት፣ ውሃ ጠጥተው ይሂዱ» ቢል ማንም አይቀየመውም። አብሽሩ፣ ሰው ይገባዋል። ውስጥ ተደብቆ ዝም ማለት ነው የማይገባው።

ልጆቻችሁን ደግሞ ከዚህ አውጧቸው። እኔ ያን ቅዳሜ አንዴ ነው ጣቴን ከንፈሬ ላይ ያደረግኩት። ትልቋ ልጄ እስከ ዛሬ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ትቀንሳለች። ከዚያ ዞራ ፊቴን ታያለች።