የእስያ ጥናት ማይነር በባሕር ዳር፦ ከቻይንኛ ይጀመር ወይስ ከቀይ ባሕር?

ጥያቄው ይህ ነው። በባሕር ዳር የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከዋና ትምህርቱ ጎን የእስያ ጥናትን በማይነር፣ ማለትም በንዑስ የትምህርት መስክነት፣ እንዲወስድ ቢታሰብ፣ ያሉት 6 ኮርሶችና 18 ክሬዲት ሰዓቶች በምን ይሞሉ? አንዲት የኢኮኖሚክስ መምህርትና አንድ የታሪክ መምህር ማይነሩ ያስፈልጋል በሚለው ይስማማሉ፤ በይዘቱ ላይ ግን ተለያይተው በየተራ እንደሚከተለው ጽፈዋል።

የኢኮኖሚክስ መምህርቷ፦

በቅድሚያ ልናስበው የሚገባን 18 ክሬዲት ሰዓት ጥቂት መሆኑን ነው። እስያ ከዓለም ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚኖርባት አህጉር ናት፤ ሁሉንም በ6 ኮርስ እናዳርስ ብንል ተማሪው ከየገበታው አንድ አንድ ጉርሻ ቀምሶ ከየትኛውም ሳይጠግብ ይነሣል። ስለዚህ የምመክረው አንድ አገርና አንድ ቋንቋ ነው፤ አገሩም ቻይና ነው። ከ6ቱ ኮርሶች 4ቱ ለቻይንኛ፣ አንዱ ለቻይና ኢኮኖሚ፣ አንዱ ለብድርና ለግንባታ ውል ይሰጥ።

ለምን ቻይና እንደምል ለከተማችን ነዋሪ ብዙ ማስረዳት አያሻም። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ የገነባው የቻይና ተቋራጭ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድም የቻይና ኩባንያዎች ሠርተውታል፤ የገንዘቡም አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የመጣ ነው። መሐንዲስ የሆነ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ የሚያጋጥመውን አጫውቶኛል። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ የተቋራጩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ግማሽ ሰዓት በቻይንኛ ይነጋገራሉ፤ አስተርጓሚው፣ እርሱም የተቋራጩ ተቀጣሪ ነው፣ ያን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምቆ ይነግረዋል፤ ልጁም እነዚያን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አምኖ ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማል። «ስፈርም እጄ ይከብደኛል» ነው ያለኝ። ማይነሩን ሳስብ በዓይኔ የሚመጣው ይህ ልጅ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ፈተናውም የሚጠይቀው ዋናውን ትምህርት ነው። ማይነር የሚወስድ ተማሪ ለፈተናው ከሚዘጋጅበት ጊዜ ላይ ቆርሶ ነው የሚሰጠንና፣ ሲመረቅ ሊሠራበት የሚችል ነገር ልናስጨብጠው ይገባል።

የታሪክ መምህሩ፦

ባልደረባዬ ከቁጥር ስለተነሡ እኔም ከዚያው ልነሣ። ባለ3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት 3 ሰዓት ነው፤ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ይሆናል፤ 4ቱ ሲደመሩ 192 ሰዓት። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቻይንኛ ለማስተማር የሚመድበው ግን 2,200 ያህል የክፍል ሰዓት ነው። ግምቱ አፋቸውን በእንግሊዝኛ ለፈቱ ሰዎች የተሠራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁንና ቻይንኛ ለአማርኛም ዘመድ አይደለም። እርስዎ ባሉት መንገድ የሄደ ተማሪ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ስሙን ጽፎ ይወጣል፤ የቀድሞ ተማሪዎ እጁ እየከበደው የሚፈርምበትን ቃለ ጉባኤ ግን አያነብም።

እኔ የምለው እስያ ከቤጂንግ አትጀምርም ነው። ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ ባለው በባብ ኤል መንደብ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ የእኛን ወገን ከእስያ የሚለየው ውኃ ወደ 30 ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፋት ያለው ነው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የእስያ ጥናት ሲባል ዓረቦቹ ወጥተው ለሌላ የትምህርት ክፍል ይሰጣሉ፤ ይህ ክፍፍል እነርሱ ዓለምን ከሚያዩበት ቦታ የመነጨ ነው። ከጣና ዳር ሆኖ ለሚያየው ሰው ግን የቅርቧ እስያ የመን ናት፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ናት፤ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሥራ ፍለጋ የሚሻገሩባት ናት።

ይህን ለማስተማር ደግሞ ማስረጃው ከደጃችን ነው። ሐይቁን ተሻግረን ጎርጎራ ብንደርስ የስፔናዊውን የካቶሊክ ሚሲዮናዊ የፔድሮ ፓኤዝን ታሪክ እናገኛለን። እርሱን አውሮፓዊ ብቻ አድርገን ማየት ለምደናል፤ ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ የተላከው ከህንድ፣ ከጎዋ ነው፤ በመንገድ ተማርኮ 7 ዓመት ያህል በየመን ምድር በምርኮ ቆየ፤ ወደ ጎዋ ተመልሶ እንደገና ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1603 አገራችን ገባ፤ በ1622ም ጎርጎራ ላይ ሞተ። የዚያ ዘመን ጣና በቀይ ባሕር በኩል ከህንድ ውቅያኖስ ጋር የተሳሰረ ነበር። ሰውም ከእኛ ወደዚያ ይሄድ ነበር፤ አብዛኛው ግን ወዶ አልሄደም። በ1548 አካባቢ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ ለባርነት የተሸጠው ማሊክ አምባር በህንድ ደካን የአህመድናጋር ሱልጣኔት መሪ ለመሆን በቅቷል፤ ሰሜን ህንድን ይገዙ ከነበሩት ከሙጋሎች ጋር ለረጅም ዘመን ተዋግቷል፤ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችውን ከተማም የመሠረተ እርሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የበራልዓምና የይዋስፍ ታሪክ ነው። ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ ይህን መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። ቤተ መንግሥቱን ትቶ ስለመነነው የህንድ ልዑል የሚተርከው ይህ ታሪክ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው፤ በፋርስና በዓረብ ቋንቋዎች አልፎ፣ በመንገድም ክርስቲያናዊ መልክ ይዞ እኛ ዘንድ ደርሷል። የቡድሃ ታሪክ በግእዝ ከተነበበ ወደ 500 ዓመት ሊጠጋው ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ እስያን የሚያገኛት በድልድይ ሥራ ብቻ ይመስለዋል።

የኢኮኖሚክስ መምህርቷ፦

መምህር፣ ስለ ይዋስፍ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሳላውቀው እዚህ መድረሴም ቆጨኝ። ሆኖም ይህ በታሪክ ትምህርት ክፍል በአንድ ኮርስ ሊሰጥ የሚችል ነው። የሰዓቱን ስሌት እቀበላለሁ፤ 192 ሰዓት ማንንም ውል አንባቢ አያደርግም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ተማሪው ትምህርቱን ለመቀጠል በቻይና ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ከዜሮ እንዳይጀምር ነው። እዚያ የሚሄዱ ልጆቻችን ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፉት ቋንቋ በመማር ነው።

እኔም በተራዬ ልጠይቅዎ። እስያ ከቀይ ባሕር ማዶ ትጀምራለች ካሉ፣ በሐሳብዎ ውስጥ ዓረብኛ የት አለ? ስለ የመንና ስለ ሳዑዲ የሚያስተምር ግን ዓረብኛ የማያስነብብ ማይነር፣ እኔን በሚወቅሱበት ነገር ራሱ ይወቀሳል።

የታሪክ መምህሩ፦

ጥያቄው ልክ ነው፤ ጉድለቱም የእኔ ነው። ሁለት የቋንቋ ኮርስ ይኑር፤ ተማሪውም ዓረብኛ ወይም ቻይንኛ ይምረጥ። በዓረብኛ 96 ሰዓት የእኛን ልጆች ከቻይንኛው ይልቅ ሩቅ ያደርሳቸዋል፤ ራስ፣ ዐይን፣ ነፍስ፣ ሰማይ፣ ቤት የሚሉት ቃላት በሁለቱም ወገን የአንድ እናት ልጆች ናቸውና።

ከዚህ በላይ ግን ለቋንቋ አልሰጥም፤ ምክንያቴንም በጃፓን ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎበኙ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ከጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዶ ነበር። የዘመኑ ምሁራን በጃፓን ላይ የጣሉት ተስፋ ትልቅ ነበር፤ ነጭ ያልሆነ ሕዝብ ሠልጥኖ ራሱን ማስከበሩ ልባቸውን ማርኮታል። 5 ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን አገራችንን ወረረች፤ በ1936 መገባደጃም ጃፓን ለጣሊያን ይዞታ ዕውቅና ሰጠች። ያ ተስፋ ያላስተዋለው ጃፓን በማንቹሪያ የራሷን ወረራ የጀመረች መሆኗንና ጥቅሟ ከማን ጋር እንደሚገጥም ነው። በጎ ያደረገልንን አገር በሥራው ብቻ ማወቅ የሚያስከትለው አደጋ ይህ ነው፤ ቻይናንም በድልድዩና በባቡሩ ብቻ የሚያውቅ ተመራቂ እንዳናወጣ እፈራለሁ።

የኢኮኖሚክስ መምህርቷ፦

ያነሡት ምሳሌ እኔንም ያግዛል። ቶኪዮ ወዴት እያዘነበለች እንደነበር በጊዜው መከታተል የሚቻለው ጋዜጦቿን በራስ ዓይን በማንበብ ነበር፤ ማንበብ ደግሞ ቋንቋ ነው። ይሁንና አንድ ነገር ለውጠውብኛል፤ የብድርና የግንባታ ውሉ ኮርስ ከእርስዎ የታሪክ ኮርስ በኋላ እንዲሰጥ እስማማለሁ፤ ተማሪው በ1930ዎቹ ምን እንደተጠበቀና ምን እንደሆነ አውቆ ውሉን ቢያነብ ይሻላል። የዓረብኛውን ምርጫም ተቀብያለሁ። የቋንቋ ኮርሶቹ ግን 3 ይሁኑ፤ ከዚያ በታች አልወርድም።

የታሪክ መምህሩ፦

እኔም ከ2 አላልፍም። እርስዎ ለቋንቋ የጠየቁትን ሦስተኛ ኮርስ እኔ የምፈልገው ለጣናና ለህንድ ውቅያኖስ ታሪክ ነው፤ ተማሪዎቹ በጀልባ ጎርጎራ ሄደው፣ የፓኤዝን ዘመን ፍርስራሽ አይተው፣ ከዚያ የተነሡትን የጎዋንና የየመንን መንገዶች በካርታ ላይ ራሳቸው የሚያሰምሩበት ኮርስ ነው። ኮርሱ በመጀመሪያው ሴሚስተር ይሰጥ፤ ጉዞውም ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ እንዳቆመ ይሁን።