ከተቀያሪ ወንበር አንድ አግቢ አይበቃም!

የሰፈራችን የቱሉ ዲምቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን አንጀቴን አቃጠለው! ጨዋታውን የሚጀምሩት አምስቱ ልጆች ሜዳ ላይ እያሉ እንመራለን። ሲቀየሩ ነጥቡ ቀጥ ይላል። ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ የሚያገባልን አንድ ልጅ ብቻ ነው። እሱ ላይ ሁለት ተከላካይ ይለጠፍበታል፤ በቃ፣ አለቀ። ሌሎቹ ለመወርወር ስለሚፈሩ ኳሷን መልሰው ለእሱ ያቀብላሉ።

አሰልጣኙ «መከላከል ይቅደም» ይላል። መከላከልን ማን ጠላ? ግን ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፤ አምስተኛ ፋውል የሠራም ይወጣል። ከተማችን አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እግር ሲዝል ውርወራ ያጥራል። አምስት ልጆች ይህን ሁሉ እንዴት ይቻሉት?

እንደ ፈረንጆቹ በ2011 የአሜሪካው ቡድን ዳላስ የኤንቢኤን (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ዋንጫ ሲወስድ፣ በመጨረሻው ጨዋታ ጄሰን ቴሪ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ 27 ነጥብ አስቆጠረ። የቡድኑን ኮከብ ኖዊትዝኪን በመጀመሪያው አጋማሽ ቅርጫቱ እምቢ ብሎት ነበር። ቴሪ ባይኖር ምን ይውጣቸው ነበር?

እኛ ጋ ልጅ ጠፍቶ አይደለም። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ከሩቅ ሲያገቡ የሚያመሹ ልጆች ሞልተዋል። ጠርታችሁ አሰልፏቸው እንጂ!