ጭድ በጀልባ

የአያቴን ቤት እንዳድስ የመከረኝ ሰው ጠላቴ ነው። ጣና ሐይቅ ዳር ባለው የዘጌ ባሕረ ገብ ምድር ላይ የጭቃ ቤት ማደስ ማለት ከባሕር ዳር በጀልባ ጭድ ማስጫን ማለት ነው። አዎ፣ ጭድ! የዘጌን ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም በወረደው ሥርዓት በባሕረ ገብ ምድሩ ማረስ ክልክል ነው፤ ከብት ማርባትም እንዲሁ። ቡናና ጌሾ በሞላው ጫካ ውስጥ የጤፍ ጭድ ከየት ይምጣ? ጭድ ያልገባበት ምርግ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ተገምሶ ይወድቃል። ጭቃውን የሚረግጥ በሬም የለ፤ በሬው እኔ ነኝ።

ዛፍ መቁረጥም አይፈቀድም። ዙሪያዬን ጫካ ሆኖ የባሕር ዛፍ ማገር ከከተማ አስመጣለሁ! ሥርዓቱን አልወቅስም፤ ያ ጫካ እስከ ዛሬ የቆየው በእርሱ ነው። የምወቅሰው ምስጡን ነው (እርሱን የሚገዝት አባት ጠፋ)። ምሰሶውን ከውስጥ በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ትቶልኛል።

አናጢው ቀብድ ከተቀበለ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ባለ ጀልባው ቆርቆሮ ባየ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ዕቃዬን ወደቡ ላይ ትቶ ይሄዳል።

ይባስ ብሎ አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ በየሳምንቱ እየደወለ «ለምን በብሎኬት አትሠራውም?» ይለኛል። እሺ ወንድሜ፣ ከወደቡ እስከ ቤቱ ያለው መንገድ ድንጋይና የዛፍ ሥር የሞላበት ዳገት ነው። ብሎኬቱን መጥተህ ትሸከማለህ?