ለተከበሩ ችካል፦ ግልጽ ደብዳቤ ከወለንጭቲ መንገድ ዳር

ለ፦ ቀይ ቀለም ለተቀቡት ችካል
ባሉበት
ጉዳዩ፦ ወይ መንገዱን እንዲያሰፉ፣ ወይ ከደጄ እንዲነሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን እንዳልል፣ አራት ዓመት ሙሉ ከዓይኔ ሥር አልጠፉም።

የመጡበትን ቀን መቼም አልረሳውም። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሦስት ልጆች ከፒክአፕ ወረዱ። አንደኛው በባለ ሦስት እግሩ መሣሪያ አጮልቆ "ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ" ሲል፣ ሌላኛው እርስዎን በመዶሻ ቀጠቀጠዎት፤ ልክ በደጃፌና በሽንት ቤቴ መሀል። "መንገዱ ደብል ሊሆን ነው፣ መሀሉ መለያ ደሴት ይኖረዋል" አሉን። እናቴ ደስ ብሏት ቡና አፈላችላቸው፤ ሦስተኛውን ጠጥተው ሄዱ።

ደስታችን ያለ ምክንያት አልነበረም። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ሲከፈት ባለ ስድስት መስመር ነው። ከአዳማ ወዲህ ግን ያ ሁሉ የጅቡቲ ቦቴ፣ ኮንቴይነር የጫነው ተሳቢ፣ የሐረር አውቶቡስ በእኛዋ ባለ ሁለት መስመር አስፋልት ይንቆረቆራል፤ ጋን በጠርሙስ አፍ እንደመገልበጥ። ተሳቢ ተሳቢን ሊቀድም ሲወጣ ጋሪው ወደ ቦይ፣ አህያው ወደ በረንዳዬ።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ጣራዬ ሲያፈስ "ለሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ ይገዛል እንዴ?" ይሉኛል። አንዷን ክፍል ላከራይ ብል፣ ተከራይ እርስዎን አይቶ ከደጅ ይመለሳል። ጎረቤቴ ግን ብልህ ነው፤ በመጡ በሳምንቱ መቶ ባሕር ዛፍ ተከለ። ለመሬቱ ካሳ እንደሌለ ያውቃል፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የሚገመተው ቤቱ፣ ዛፉ፣ ሰብሉ ነው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ የካሳውን አዋጅ፣ ቁጥር 1161/2011ን፣ በቃሉ ይዞ፣ ገና ያላጨደውን ጤፍ በ15 ሲያባዛ ይውላል። እውነቱን ልናገር? እኔም አምስት ፓፓያ ተክያለሁ። አፈሩ፣ ተበሉ፣ አረጁ፣ ደረቁ፤ ገማች አልመጣም።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። አንድ ጠዋት ስነሳ አራት እርምጃ ወደ እኔ ቀርበው አገኘሁዎት። ጎረቤቴን ብጠይቀው ሰማይ ሰማይ አየ። በሦስተኛው ሌሊት እኔም... ይቅርታ፣ ይህን አላልኩም።

ስለ ደሴቱም ጠይቄ ነበር። አክስቴ ከመንገዱ ማዶ ናት፤ ጨው ሲያልቅባት ትጣራለች፣ ልጅ ይዞላት ይሮጣል። ደሴቱ ሲሠራ በየት እንሻገራለን? ብል፣ አንዱ ልጅ ፕላኑን ዘርግቶ "መዞሪያው እዚህ ጋ ነው" ብሎ የወረቀቱን ጫፍ አሳየኝ። ጫፉ የሚቀጥለው ቀበሌ ነው። እሺ፣ እኛ ለጨው ጋሪ እንሳፈር። የከረዩ አርብቶ አደሮች ግመልስ? ግመል መዞሪያ ድረስ ሂድ ቢባል ይሰማል?

መስፋት ካነሳን አይቀር፣ ወደ መተሐራ ወረድ ብለው በሰቃ ሐይቅን ይዩ። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። ችካል አልተከለ፣ አማካሪ አልቀጠረ፣ ቡና አላስፈላ። ይኸንኑ አስፋልት እየዋጠ፣ ሰው በአፈርና በድንጋይ መንገዱን ከፍ ሲያደርግ እሱም ከፍ እያለ መጣ።

እርግጥ ሥራ ፈትተዋል አልልም። ጠዋት ፍየል ይታሰርብዎታል፣ ከሰዓት የልብስ ገመድ ይይዛሉ፣ ቅዳሜ ልጆቹ ጎል ያደርጉዎታል፤ ሁለተኛው ቋሚ የእኔ ጫማ ነው። ቀዩ ቀለምዎ ግን ሮዝ ሆኗል።

ባለፈው ማክሰኞ ሌላ ፒክአፕ መጣ። ከእርስዎ ስድስት እርምጃ አለፍ ብለው፣ ወጥ ቤቴ ጥግ፣ ሰማያዊ ችካል ተከሉ።

"ቀዩስ?" አልኩ።

"እሱ የድሮው ዲዛይን ነው።"

"እንግዲያው ንቀሉልኝ።"

"የእኛ ሥራ መትከል ነው" ብለው ወደ እናቴ ዞሩ፤ ቡና እያዩ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሰማያዊው ችካል (ወጥ ቤት ጥግ)
ለበሰቃ ሐይቅ፣ መተሐራ