ይድረስ ለኩሽናዬ ቁምሳጥን ክቡር ነዋሪ

ቁጥር፦ የጥገና ቁጥር 4 (የፊተኞቹ 3 «ተጠናቅቋል» ተብለው ተዘግተዋል)
ቀን፦ ከቀዘቀዝን በ19ኛው
ለ፦ ክቡር አቶ ቦይለር (ቤቱንና ውሃውን በጋዝ የሚያሞቁ)
ሁለተኛ ፎቅ፣ ለንደን
ጉዳዩ፦ ነገ እንዲታመሙልኝ በትሕትና ስለመለመን

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከሙቀትዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ፊትዎ ቁጭ ብዬ ነው። ጃኬት ለብሻለሁ፣ ከላይ ጋቢ ደርቤያለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ደብዳቤ መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን በአፍ የነገርኩዎትን ሁሉ አልሰሙኝም፤ ምናልባት በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ያች ምሽት ትዝ ትልዎታለች? ገና ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ዶሮዋን በሎሚና በጨው እያሸሁ ነው። የቧንቧው ውሃ ለብ አለ፣ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ ጣቴን ነከሰኝ። በርዎን ብከፍት መብራትዎ ቀልቷል። የውሃ ግፊትዎን የሚያሳየው፣ ከ1 እስከ 1.5 ባር ላይ መቆም ያለበት መርፌ 0.3 ላይ ተኝቷል። ሪሴት የምትባለዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ጉርርር አሉ። ተነሡ ስል ክልትው አሉ። አሥራ ሁለቱንም ብልት በበረዶ ውሃ አጥቤ ጨረስኩ። ወጡ ግን ጥሩ ሆነ፤ ይህን እንኳ እርስዎ አላበላሹትም።

በማግስቱ ለጥገና ስልክ ደወልኩ። በወረፋው 27ኛ ነኝ። ሙዚቃው ይጫወታል፤ በየሁለት ደቂቃው «ጥሪዎ ለኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» ይሉኛል። 50 ደቂቃ አስፈላጊ ሆኜ ቆየሁ። በመጨረሻ አንዲት ትሑት ልጅ አነሣችው። ቤት ውስጥ ሽማግሌ አለ? የለም። ጨቅላ ሕፃን? የለም፤ የኔዎቹ 9 እና 12 ናቸው። «እሺ፣ ለማንኛውም ድንገተኛ ብዬ መዝግቤዋለሁ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ሰው ይመጣል» አለችኝ። ይህን ለታች ፎቋ እትዬ ብነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። «ምነው እኔን ባልሽ ኖሮ! 74 ዓመቴ ነው፤ ከነከዘራዬ መጥቼ እቀመጥልሽ አልነበር!»

ቀጠሮው ከ8 እስከ 6 ነው። በፈረንጅም ቁጠሩት በሐበሻ፣ ያው ሙሉ ቀን ነው። ከሥራ ቀረሁ። ሽንት ቤት እንኳ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የገባሁት። ከሰዓት በኋላ በስልኬ መልእክት መጣ፤ «ኢንጂነራችን መጥቶ አላገኘዎትም።» የት ሄጄ? ከእርስዎ ሁለት ክንድ አልራቅሁም፤ ምስክሬ እርስዎ ነዎት! ነገሩ ወዲህ ነው። የታችኛው በራፍ ደወል ከመስከረም ጀምሮ ተበላሽቷል። ለሱም የጥገና ቁጥር አለኝ። የደወሉ ጠጋኝም አንድ ቀን መጥቶ፣ ደወሉን ደውሎ፣ የሚከፍትለት አጥቶ ተመልሷል።

እንደገና ስልክ፣ እንደገና ሙዚቃ። ከዚያ ኢንጂነሮችዎ መምጣት ጀመሩ።

እኛ አገር ኢንጂነር የተባለ ሰው ኮት ለብሶ ፕላን ይዘረጋል። የእርስዎዎቹ ቦርሳ ተሸክመው፣ በጫማቸው ላይ ሰማያዊ ላስቲክ አጥልቀው ነው የሚገቡት። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ አልዋሽም። አንደኛው ከሥርዎ ያለውን ብርማ ቱቦ ከፍቶ ውሃ አጠጣዎት። መርፌው 1.4 ደረሰ። አጨበጨብን። 40 ደቂቃ ሞቅን፤ ትንሿ ልጄ ፀጉሯን ሳሙና እንደተቀባች ቀረች።

ሁለተኛውን ግን መቼም አልረሳልዎትም። ቦርሳውን ገና መሬት ሳያስቀምጥ እርስዎ ተነሡ! ማንም ሳይነካዎት! ራዲያተሩ ሞቀ፣ ቧንቧው ጨሰ። ሰውየው ወደ እርስዎ አየ፣ ወደ ጋቢዬ አየ፤ «ይሠራል እኮ» አለኝ። ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገና ጉዳዩን ዘጋው። መኪናው ጥጉን እንደታጠፈ ድርግም አሉ። አንተ ውሸታም! አንተ አስመሳይ! በሰው ፊት አዋረድከኝ!

(ይቅርታ ክቡርነትዎ፤ አንተ ያልኩት በንዴት ነው።)

ሦስተኛው አስተዋይ ነው። ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ትንፋሽዎን አዳመጠ። ፓምፕዎ አንዳንዴ ይዞርና አንዳንዴ ይነክሳል አለ፤ ሰው ሲመጣ የሚድኑት ለዚህ ነው። ሌላም ጨመረ። ኤክስፓንሽን ቬሰል የሚባለው፣ አየር የሚይዝ ሆድዎ፣ ተንፍሷል። መርፌዎ የማይረጋው በሱ ነው። መለዋወጫ ይታዘዛል ተባለ። አራተኛው መለዋወጫውን ይዞ መጣ፤ ለካ የታናሽ ወንድምዎ ነው። አልገባም። ጥፋቱ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። አከራዬ ካውንስሉ (የአካባቢው መስተዳድር) ወደ ኮንትራክተሩ፣ ኮንትራክተሩ ወደ ንዑስ ኮንትራክተሩ፣ እሱ ወደ ዕቃ ቤቱ ጠቆመኝ። በቅሎ «አባትህ ማነው?» ቢባል «ፈረስ አጎቴ ነው» ያለው እኮ እንዲህ ያለ ስልክ ላይ ሆኖ መሆን አለበት።

ከዚህ ሁሉ ያስቀናኝ ምን እንደሆነ ልንገርዎ? ክብርዎ። ቤቴ የገባ ሁሉ «ምን ነካው? ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲል እርስዎን ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። በፈረንጆቹ 1998 በወጣው የጋዝ ደንብ መሠረት በየ12 ወሩ ሐኪምዎ ቤትዎ ድረስ መጥቶ ይመረምርዎታል፤ የጤና ወረቀትም ይሰጥዎታል። እኔ ሐኪም ለማየት ጠዋት ልክ በ8 ሰዓት ስልክ እቀጠቅጣለሁ፤ በ8 ከ5 «የዛሬው ቀጠሮ አልቋል» እባላለሁ። ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰኝ። የዓመቱ ምርመራዎ ደርሷል፣ በሩን ካልከፈትኩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል ይላል። በሩን ካልከፈትኩ! 19 ቀን ሙሉ በር ላይ የተተከልኩት ማን ሆኜ ነው?

መቼም እኔ ለመንግሥት ቤት እንግዳ አይደለሁም። ያደግኩት አዲስ አበባ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ወደ ቀበሌ ከዞሩት አንዱ። ቆርቆሮው ሲያፈስ ለቀበሌው ማመልከቻ ይገባል። መልሱ ሳይመጣ ክረምቱ ይወጣል። ግን አባቴ መልስ አይጠብቅም። መሰላል ተውሶ ወጥቶ ቀዳዳውን በሬንጅ ይደፍነዋል፤ እናቴ ከሥር ሳፋ ትደቅናለች። አለቀ። ደጅ ጥናቱም ነበረ፣ መፍትሔውም በእጃችን ነበረ።

እዚህ ግን እርስዎን መንካት አይፈቀድልኝም። የጋዝ ሆድዎን መክፈት የሚችለው ጋዝ ሴፍ የሚባለው መዝገብ ላይ ያለ ባለሙያ ብቻ ነው። በዚህስ አልቀልድም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። አንድ ምሽት ብርዱ ሲጠናብን ከሰል አያይዤ ቡና ላፍላ፣ ቤቱም ይሞቃል ብዬ ተነሥቼ ነበር። ከረጢቱን ከፈትኩ። ከሰል አንድደው፣ በር ዘግተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ከረጢቱን መልሼ አሰርኩት። ቡናውን በምድጃው ጋዝ አፈላሁ።

ካውንስሉም ጨክኖ አልተወንም፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አበደረን። እያንዳንዳቸው 2 ኪሎዋት ናቸው። ሁለቱን ካበራኋቸው በሰዓት 4 ዩኒት ይበላሉ። ቆጣሪዬ ደግሞ አስቀድሞ የሚከፈልበት ነው። ገንዘብ የሚሞላበትን የቆጣሪውን ቁልፍ ይዤ ስመላለስ ባለሱቁ «ምነው፣ ፋብሪካ ከፈትሽ?» አለኝ። ገላችንን የምንታጠበው ድስት ጥደን፣ በሳፋ በርዘን፣ በጣሳ እየቀዳን ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏቸው ነበር። የጥምቀት ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ታላቁ ቆም ብሎ «እማ፣ እዚያም በቀዝቃዛ ነው?» አለኝ።

ሕግ የለም እንዳይሉኝ። ሕግማ ሞልቷል። በፈረንጆቹ 1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 ማሞቂያና ሙቅ ውሃን ማስጠገን የአከራዩ ግዴታ ነው ይላል። የ1994ቱ ደንብ ደግሞ ለካውንስል ተከራይ ቀን ቆጥሯል፤ በክረምት ማሞቂያ ወይም ሙቅ ውሃ ከጠፋ በ1 የሥራ ቀን፣ በበጋ በ3። ላም አለኝ በሰማይ! ቀኑ ካለፈ ሌላ ኮንትራክተር እንዲላክ እጠይቃለሁ። እሱም ከዘገየ ካሣ አለ፤ 10 ፓውንድ፣ ከዚያ በየቀኑ 2 ፓውንድ፣ ጣሪያው 50። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በ20 ቀን ጣሪያው ይነካል። ከዚያ ወዲያ የሚበርደኝ በነጻ ነው። ደግሞ ደንቡ የሚሠራው ከ250 ፓውንድ ለማይበልጥ ጥገና ነው፤ እርስዎ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ የሚታመሙ ሰው አይደሉም።

አቤቱታም አስገብቻለሁ። አንደኛው ደረጃ፣ መድረሱን ለማሳወቅ 5 የሥራ ቀን፣ ለመመለስ 10። ካልረካሁ ሁለተኛው ደረጃ 20። ከዚያ እንባ ጠባቂው አለ፤ በዚህ ብርድ እንባው ቀልጦ ከወረደለት ማለቴ ነው። እስካሁን የደረሰኝ የመጀመሪያው ወረቀት ነው። «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። መቼ ታገሥኩ አልኩ?

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ነገ አምስተኛው ኢንጂነር ይመጣል። የታዘዘው ዕቃም በትክክል የእርስዎ ነው ተብሏል፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስነበብኳቸው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ነገ ይታመሙልኝ። ሰውየው ሲገባ አይነሡ። ራዲያተር አያሙቁ። ጉርርር አይበሉ። እንደ ዛሬው፣ እንደ ትናንቱ፣ ሬሳ ይሁኑልኝ። ከተጠገኑ በኋላ እንዳሻዎ ይሞቃሉ፤ ማን ይከለክልዎታል?

እኔ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ታች በራፉ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። እትዬም ወንበር አውጥተው አብረውኝ ሊቀመጡ ቃል ገብተዋል፤ ከነከዘራቸው።

ከማይሞቅ ሰላምታ ጋር፣
የቁምሳጥንዎ ተከራይ

ግልባጭ፦
ለሁለቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች
ለቆጣሪው (ለመረጃ ያህል)
ለትልቁ ድስት፣ ላሳየው የሥራ ትጋት
ለታችኛው በራፍ ደወል፣ ሲነሣ